የመርዶ መኪና

አጋርፋ አካባቢ ባሉ ቀበሌዎች የእኛን ነጭ ላንድክሩዘር «የመርዶ መኪና» ይሉታል። አልፈርድባቸውም። እኔ የምሠራው ሮቤ ባለው የዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ ጤና ምርምር ማዕከል ነው። ሰው ሲሞት የለቅሶው ጊዜ እስኪያልፍ እጠብቅና ቤተሰቡ ዘንድ ሄጄ ሟቹ ምን ሆኖ እንደሞተ እጠይቃለሁ። ሰው በምን እንደሚሞት ካልታወቀ የቀረውን ማዳን አይቻልም። ይህን ግን ሐዘኑ ላልወጣለት ሰው አስረዳ ቢሉህ ታስረዳለህ? ውሻ እንኳ እኛን ሲያይ መጮኽ ይተዋል ይላል ሾፌራችን ባዳሳ።

ዘንድሮ ማዕከሉ ነፍሰ ጡሮችን መከታተል ሲጀምር፣ ለዚህ ሥራ ሌላ መኪና ይመደብ ብዬ አለቃችንን ፊሊጶስን ለመንኩት። መኪና መኪና ነው አለኝ። ከቢሮ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ምን ይበል።

እናም በዚያው መኪና አደ ሎሚ የሚባሉ እናት ደጅ ቆምን። የአደ ሎሚ ታላቅ ልጅ ዓምና በወሊድ ሞታለች፤ ያኔም መጥቼ የጠየቅኳቸው እኔ ነኝ። አሁን ታናሿ ሰቢሪና ማርገዟን ስሰማ፣ ቢያንስ ለዚህችኛዋ ቀድሜ ልድረስላት ብዬ ነበር የመጣሁት።

በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። አንኳኳሁ።

«ሂጂ» አሉኝ ሳይከፍቱ። «እኔ ምንም መርዶ አልሰማሁም።»

የመጣሁት ሰቢሪናን ለመመዝገብ ብቻ መሆኑን ነገርኳቸው። ጠዋት ምጥ ጠንቶባት ባሏ አብዶ ጎባ ሆስፒታል እንደወሰዳት፣ የአብዶ ስልክም እንደማይሠራ በተቆራረጠ ድምፅ ነገሩኝ።

ያኔ እኔም ፈራሁ። እናት በወሊድ የምትሞትበትን መንገድ ሁሉ በየቤቱ እየዞርኩ ሰምቻለሁ። ከድንጋጤዬ የተነሳ አፌ የለመደውን ያዘ። ደም ይፈሳት ነበር ወይ? እግሯ አብጦ ነበር ወይ? ራሷን ስታ ተንቀጥቅጣለች ወይ? እያልኩ በሩ ላይ ተለጥፌ ደረደርኩት።

«ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ» አሉ አደ ሎሚ። «ለእህቷም እንዲሁ ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ።»

ከዚያ በሩን ከፍተው እሪ እያሉ ወጡ። «ኢንተላ ቲያ! ልጄን!»

ጎረቤት እሪታ ሲሰማ ምክንያት አይጠይቅም፤ በዚያ ላይ የእኛ መኪና ደጅ ቆሟል። ሴቶቹ እያለቀሱ ደረሱ፤ ወንዶቹ ምንጣፍ ማውጣት ጀመሩ። አልሞተችም ብዬ ለመንኳቸው። ታዲያ አንቺ ምን ልታደርጊ መጣሽ አለችኝ አንዷ። አለመሞቷን በምን አውቃለሁ? ሟርት በሚባል ነገር አላምንም ነበር፤ ያን ቀን ግን ሰቢሪናን በገዛ አፌ የገደልኳት መሰለኝ።

ባዳሳ ነው ደፍሮ፣ ጎባ ሄደን እንያት ብሎ የአደ ሎሚን ክንድ ይዞ መኪናው ውስጥ ያስገባቸው። ሮቤ ላይ ጋሪና ባጃጅ መንገዱን ዘግቶ አላሳልፍ አለን። ለወትሮው ተሳዳቢ ነኝ፤ ያን ቀን ግን ስድቡን ረሳሁት። እሳቸው ያ ረቢ ይላሉ፣ እኔ ማርያምን እጠራለሁ፤ የምንለምነው አንድ ነገር ነበር።

ጎባ ሆስፒታል በር ላይ አብዶ የአጥሚት ፔርሙስ ይዞ ከውጭ ሲመለስ አገኘነው። አማቱ እያለቀሱ ከእኛ መኪና ሲወርዱ አየ። ፔርሙሱ ከእጁ ወደቀ።

«ምን ሆነች?» አለ።

አደ ሎሚም በዚያው ቅጽበት፣ «ምን ሆነች?» አሉት።

ሦስታችንም ሮጥን።

ሰቢሪና አልጋዋ ላይ ተጋድማለች። ሕፃኑ ጎኗ ነው። አብዶ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ፤ አደ ሎሚ እግሯ ላይ ተደፍተው አልሀምዱሊላህ እያሉ አነቡ። እኔም እንባዬ እየወረደ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ልላት አንድ እግሬን ወደ ክፍሉ አስገባሁ።

ሰቢሪና ቀና ስትል አየችኝና አወቀችኝ። ፊቷ አመድ መሰለ። ጋቢዋን ስባ የሕፃኑን ፊት ሸፈነችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ግድግዳው ዞረች።

አደ ሎሚ ተነስተው ወደ እኔ መጡ። እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ አንቺ ክፉ ሰው አይደለሽም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ግን አትግቢ።»

እጄን ለቀቁና በሩን ዘጉት።