የደጃፉ ድንጋይ

አባቱ አቶ ደረበ ካረፉ አርባ ቀን አልሞላም። መምህር አዛናው ግን ሐዘን ቤት መቀመጥ አልሆነለትም። ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ እግሩ ሥር ያለውን መርገጫ ድንጋይ ያያል፣ ተመልሶ ይገባል።

ነገሩ የመጣው ከክፍል ነው። ገንዳ ውሃ ከተማ ታሪክ ለሚያስተምራቸው የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች፣ «ቤተሰባችሁ የሚያርሰው መሬት ከእናንተ በፊት የማን ነበር? አዛውንት ጠይቃችሁ ጻፉ» ብሎ ነበር። ሁሉም «ጫካ ነበር» ብለው መጡ። የጉሙዟ ልጅ ሰዓዲያ ብቻ ተነስታ ሌላ አነበበች።

«የአያቴ ሰዎች ጥቂት ዓመት ያርሱና መሬቱ እንዲያርፍ ይተዉታል። ሲመለሱ ትራክተር ቆሞበት አገኙ። ከወንዙ ማዶ፣ ሁለቱ ሾላዎች አጠገብ።»

«መሬት ደግሞ ምን ሠርቶ ነው የሚያርፈው?» አለ ዋሴ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ልጅቷ ከደወል በኋላ መጣች። «ቲቸር፣ መልቀቂያዬን ይፈርሙልኝ። ውሸታም እየተባልኩ አልማርም።»

«እስከ ነገ ታገሽኝ» አላት። ሁለቱ ሾላዎች ያሉት አባቱ ሰሊጥ ይዘሩበት በነበረው ማሳ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ ትራክተሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ማረሻው አንድ ድንጋይ ፈንቅሎ አወጣ፤ አንድ ጎኑ ሲፈጭበት ኖሮ ጎድጉዷል። አባቱ አገላብጠው አዩት። ቤት ወስደው ጎድጓዳውን ወደ ታች ገልብጠው ደጃፍ ላይ ቀበሩት።

«የማን ነው አባባ?»

«የጫካ» አሉት።

በማግስቱ ጠዋት ዲጂኖ ይዞ መቆፈር ጀመረ። እናቱ ወይዘሮ አሰበች ከነጥቁር ልብሳቸው ወጡ።

«ምን ልትሆን ነው አንተ?»

«ትምህርት ቤት ልወስደው ነው፣ እማ። ማታ ያወራንላት የጉሙዟ ልጅ እውነቷን ነው፤ ድንጋዩ የወጣው ከሾላዎቹ ማሳ ነው።»

«አባትህ ያኖሩትን? አፈራቸው ሳይደርቅ ልትከሳቸው? ነገ መሬቱንስ መልሱ ቢሉን?»

«ቢሉን እንነጋገራለን። ልጅቷ ግን ዛሬ መሄዷ ነው።»

ድንጋዩ ተገለበጠ። እናቱ ጎንበስ ብለው ጎድጓዳው ውስጥ መዳፋቸውን አስገቡ።

«ወፍጮ ነው እንዴ?» አሉ። «ስንት ዓመት እግሬን የታጠብኩበት?»

ሂድም አትሂድም ሳይሉት ገቡ። አዛናው በባጃጅ አስጭኖት ሄደ።

ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። «ጫካ እህል ይፈጫል?» ሲል ጠየቀ። የሳቀ የለም።

«የማን ማሳ ላይ ተገኘ?» አለ ዋሴ።

አዛናው በሩን አየ። እነዚያ ሾላዎች ሥር ምሳ ያጎርሱት የነበሩት አባቱ ፊቱ ላይ ድቅን አሉበት።

«የአባቴ ማሳ ላይ። ሁለቱ ሾላዎች አጠገብ። ሲወጣም ሲቀበርም አይቻለሁ። ሰዓዲያ አልዋሸችም፤ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሰዓዲያ መጥታ ጎድጓዳው ውስጥ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሯ ፋቀች።

«ለአያቴ ላሳያቸው?»

«የእሳቸው ነው። አብረን እንወስድላቸዋለን። መልቀቂያውስ?»

«እሱስ ይቅር።» ቀና ብላ አየችው። «ግን አያቴ ስለ መሬቱም ይጠይቁዎታል።»

«ይጠይቁኝ» አለ።

ማምሻውን ቤቱ ሲደርስ እግሩ ደጃፉ ላይ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ገባ፤ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«ቀስ በል» አሉ እናቱ ከውስጥ። «አልደፈንኩትም።»