እርጥብ ጆንያ የለበሰው አምፕሊፋየር

መምህር ለይኩን ገንዳ ውሃ ከተማ ፊዚክስ ያስተምራል። ይህን ጮክ ብሎ የሚናገረው ግን ሌላ የሚያኮራ ነገር ሲያጣ ነው። ከሥራው ሌላ ፈቃድ ያለው አማተር ሬዲዮ ተናጋሪ ነው፤ ጥቅም ሳይፈልግ፣ ስለሚወደው ብቻ፣ ከሩቅ ሰዎች ጋር በሬዲዮ ያወራል። ያወራል ማለት እንኳ ይከብዳል። ይጮኻል፣ የሚመልስለት ያጣል፣ ደግሞ ይጮኻል።

የሚጮኸው ለፈሀድ ነው። ፈሀድ ከድንበሩ ማዶ፣ የሱዳኗ ገላባት ላይ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ለይኩንን ይህን አመል ያስያዘውም እሱ ነው። የሱዳኑ ጦርነት ሲነሳ ወደዚህ ተሻግሮ ነበር፤ ግን እናቴን ላምጣ ብሎ ተመለሰ። ሲለያዩ ብርጭቆ ቫልቮች ያሉት አንድ አሮጌ አምፕሊፋየር አስታቀፈውና፣ “ዓርብ ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ በለመድነው ሞገድ ጥራኝ። በሕይወት ካለሁ እመልስልሃለሁ” አለው።

ለይኩን ዓርብን አላጓደለም። ከሬዲዮው የሚሰማው ግን ጢዝ የሚል ጫጫታ ብቻ ሆነ። ድምፄ አልደረሰውም ብሎ ደመደመ። ሌላውን ማሰብ አልፈለገም፤ ሌላው ፈሀድ ሞቷል ማለት ነበርና።

ስለዚህ ድምፁን አጉልቶ የሚልክለትን አምፕሊፋየር ሊያድስ ተነሳ። ክዳኑን ሲከፍት አይጥ ወልዳ አሳድጋበታለች። ሲበይድ ደህናውን ሱሪውን አቃጠለ። ከጎንደር ያስመጣውን ካፓሲተር ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን አዘዋውሮ ገጠመውና ፊቱ ላይ ፈነዳ። ይህን የሠራው ተማሪው ቢሆን ኖሮ ዜሮ ይሰጠው ነበር። በመጨረሻ ግን ቫልቮቹ ፍም መስለው በሩ። ለይኩን ደስታውን አልቻለውም፤ ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራ አሳየ።

ችግሩ ሙቀቱ ነው። የቆላው ፀሐይ አልበቃ ብሎ ሣጥኑ እንቁላል ይጠብሳል፤ ማራገቢያው ደግሞ ነክሶ አይዞርም። ለይኩን ወደ ኮኪት የሚመላለሱትን የመኪና ሹፌሮች አሰበ። ጀሪካናቸውን እርጥብ ጆንያ አልብሰው ከመኪናው ጎን ያንጠለጥሉታል፤ ነፋስ ሲመታው ውሃው ይቀዘቅዛል። ትነት ሙቀት እንደሚወስድ ሲያስተምር በየዓመቱ የሚጠቅሰው ምሳሌ ይኸው ነው። የሰሊጥ ጆንያ ነክሮ አምፕሊፋየሩን ጠቀለለው።

ሚስቱ ውባንች በር ላይ ቆማ አየችው።

“ውሃና ኤሌክትሪክ አይገናኙም እያልህ ልጆቹን የምታስተምር አንተ አይደለህም?”

“በደንብ ጨምቄዋለሁ” አላት።

ዓርብ ደረሰ። ቤቱ ውስጥ ያለችውን አንዲት ሶኬት አምፕሊፋየሩ ስለያዛት፣ ሬዲዮውን ለመጀመሪያ ጊዜ በባጃጅ ባትሪ አስነሳው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጉሮሮውን ጠራርጎ ቁልፉን ተጫነ። “ፈሀድ” ከማለቱ ሣጥኑ ጓ ብሎ ጨሰ። ቆጣሪው ላይ ያለው ፊውዝ ሊያድነው ይገባ ነበር፤ ግን ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል ብሎ በወፍራም ሽቦ የተካው ራሱ ለይኩን ነው። እሳቱ በሽቦው እስከ መብራት ምሰሶው ወጥቶ የሰፈሩን መብራት ሁሉ ይዞት ሄደ።

ባለሱቋ ባየሽ ከአጥሩ ማዶ ተጣሩ። “መምህር፣ እርስዎ ነዎት አይደል?”

“እኔ ነኝ፣ እትዬ ባየሽ።” መካድ ምን ዋጋ አለው።

በባትሪ የቆመው ሬዲዮ ግን አልጠፋም። ጢዝ ባይነቱ ቀርቷል። ለካ ያ ሁሉ ጫጫታ የሰፈሩ ፍሪጅ፣ የስልክ ቻርጀርና አምፖል የሚያመጣው ነበር። ቀድሞ መብራት ሲሄድ ሬዲዮውም አብሮ ስለሚጠፋ፣ የፊዚክስ መምህሩ ይህን ሳያውቅ ኖሯል። አሁን ዝም ባለው ሬዲዮ ውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ ነበረ።

“ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ለይኩን። ወላሂ፣ ዓርብ ዓርብ ድምፅህ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። እኔም እመልስልሃለሁ፤ አንተ አትሰማም። እናቴ አጠገቤ ናት። ይህ ሰውዬ ዝም አይልም ወይ ትላለች።”

ለይኩን እንባው መጣ። ያን ሁሉ ጊዜ የጎደለው ድምፅ አልነበረም፤ ጆሮ ነበር። አለሁ ሊለው እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደና መልሶ ሰበሰበው፤ ቁልፉን ከተጫነ መስማት አይችልምና። ፈሀድ ስለ መንገዱ፣ ስለ እናቱ ጉልበት፣ ስላረፉበት ቤት ያወራል።

“መምህር” አሉ ባየሽ እንደገና፣ “ፍሪጄ ሊቀልጥብኝ ነው። ለመብራት ኃይል ይደወልና ቶሎ ይምጣ እንጂ?”

“እባክዎ እትዬ ባየሽ” አለ ለይኩን፣ ጆሮውን ከሬዲዮው ሳያነሳ፤ “ትንሽ ይቆይ።”