የጋሼ ጆሮ ፍርድ

በየሁለት ሳምንቱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በአናጢው ወርክሾፕ ውስጥ አራት ሰዎች ይሰበሰባሉ። የሚሰበሰቡት የገዙትን ዕቃ አንዱ ለሌላው ለማሳየት ነው። ሕጋቸው አጭር ነው። የገዛ ሰው ዕቃውን ረጅሙ የሥራ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ ለምን እንደገዛው ይናገራል፣ ከዚያ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሌሎቹ ያገላብጡታል፣ ይፈቱታል፣ ደስ ካላቸውም ያሾፉበታል። ዕቃው የእንጨት መላጊያም ሊሆን ይችላል፣ አምፕሊፋየርም ሊሆን ይችላል። ከቤት ሰው ተደብቆ የተገዛ መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ አያጠራጥርም።

ዕቃው ድምፅ የሚያወጣ ከሆነ ፍርዱ የጋሼ ጆሮ ነው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው ጡረታቸውን የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ቴክኒሻን ነበሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና «ሆዱ ባዶ ነው» ወይም «ትንሽ ያፏጫል» ይላሉ፤ በቃ፣ አለቀ፣ ይግባኝ የለም። ይግባኝ አለመኖሩን ደግሞ እሳቸው በጣም ነው የሚወዱት። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤት ውስጥ ስለ መጋረጃ ቀለም እንኳ የሚያማክራቸው የለም። ልጃቸው ደግ ናት፣ ነገር ግን ሁሉን ወስና ከጨረሰች በኋላ ነው የምትነግራቸው። እዚህ ግን በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው አፋቸውን እስኪከፍቱ ድረስ ሰው ይጠብቃል። ለዚህች አንድ ሰዓት ሲሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ጫማቸውን ይወለውላሉ።

ከሦስት ወር በፊት አናጢው በገዛ እጁ የሠራቸውን ሁለት ስፒከሮች ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ነበር። ዓመት ሙሉ ለፍቶባቸዋል። ሣጥናቸውን ከወፍራም ኮምፔንሳቶ ቆርጦ፣ ጠርዛቸውን በአሸዋ ወረቀት ፈትጎ ፈትጎ፣ ምኑ ከምን ጋር እንደተጋጠመ እንዳይታይ አድርጎ ነው የሠራቸው። ለሚስቱ ናቸው። ሚስቱ ጀርባዋን ታማ አልጋ ላይ ከዋለች ሁለት ዓመት አልፏል፤ ቀኑን የምትገፋው ሬዲዮ እየሰማች ነው። ጋሼ ጆሮ አዳመጡና፣

«ሥራህ እጅህን ይባርከው የሚያሰኝ ነው» አሉ። «ግን የሬዲዮው ሰውዬ መጋረጃ ጀርባ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ቀጭኑ ድምፅ ታፍኗል። ቀጭኑን ድምፅ ከምታወጣው ትንሿ ስፒከር ፊት ማለዘቢያ ብለህ ያስገባሃትን ሬዚስተር ከሁለቱም ሣጥን አውጣት።»

አናጢው አመነታ፣ ግን አወጣት። ድምፁ ሲለቀቅ ሹፌሩ ፊቱን ጨምደድ አደረገ፣ አስተማሪዋም ጆሮዋን አሸት አሸት አደረገች። ትንፍሽ ያለ ሰው ግን አልነበረም። ጋሼ ጆሮ «አሁን ተነፈሰ» ብለው ፈገግ አሉ፤ ስፒከሮቹም ወደ ሕመምተኛዋ ክፍል ሄዱ።

ዛሬ መጀመሪያ ዕቃውን ያወጣው ሹፌሩ ነው። የከተማ አውቶቡስ ነው የሚነዳው፤ መሣሪያ መግዛት እንጂ መሥራት አይሆንለትም። ጠረጴዛው ላይ መሰርሰሪያ አስቀመጠ።

«አሁንም መሰርሰሪያ?» አለች አስተማሪዋ። ፊዚክስ ነው የምታስተምረው።

«ይሄ በባትሪ ነው የሚሠራው።»

«ያለፈውም በባትሪ ነበር።»

«ይሄ መብራት አለው።»

«ለመሆኑ በሦስቱም ስንት ቀዳዳ በሳህ?»

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» አለ ሹፌሩ ቅር ብሎት። «መብሳት የፈለገ ሰው አንድ ይበቃዋል።»

ሲስቁ ቆይተው ተራው የአስተማሪዋ ሆነ። ያመጣችው ቡጢ የምታክል ሣጥን ናት፤ አንድ ቁልፍ አላት፣ ቁልፉ ሲዞር የምታወጣው ድምፅ ይቀጥናል። ለተማሪዎቿ ማሳያ ነው የገዛችው።

«እስቲ ሁላችሁም እጃችሁን አንሡ» አለች። «እያቀጠንኩት እሄዳለሁ፤ የማይሰማው ሰው እጁን ያውርድ።»

ጋሼ ጆሮ እጃቸውን ከሁሉም ከፍ አድርገው አነሡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድምፁ ከጉርምርምታ ጀመረ፣ ፉጨት ሆነ፣ ቀጠነ፣ በጣም ቀጠነ፣ ከዚያ ቆመ። «ምነው አጠፋሽው?» ሊሉ ዓይናቸውን ገለጡ። የሦስቱም እጅ እላይ ነው። አስተማሪዋ በሌላ እጇ ቁልፉን ቀስ እያለች ታዞራለች፤ ሹፌሩ ሎሚ የመጠጠ ሰው መስሏል።

የጀመሩትን ቃል መልሰው ዋጡት። እጃቸውንም አላወረዱም። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው የሹፌሩን ክንድ መጠበቅ ያዙ። ሹፌሩ ሲያወርድ ትንሽ ቆዩ፤ አናጢው ሲያወርድም ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ አወረዱ። በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ፈተና ኮረጁ።

«የሳቸው እኮ ጆሮ አይደለም፣ ራዳር ነው!» አለ ሹፌሩ።

ሳቁ፣ እሳቸውም አብረው ሳቁ፤ ሐሳባቸው ግን ቤታቸው ሄዷል። ልጃቸው ስንት ጊዜ ከኩሽና እየሮጠች መጥታ «አባዬ፣ ማንቆርቆሪያው እኮ እያፏጨ ነው፣ አጠገቡ ተቀምጠህ!» ብላቸዋለች። ማንቆርቆሪያው ተበላሽቷል እያሉ ይከራከሯት ነበር። ወፎቹስ? ጠዋት ጠዋት መስኮታቸው ሥር ይንጫጩ የነበሩት ወፎች ካቆሙ ዓመት ሳይሆናቸው አይቀርም። ሰፈሩን ለቀው የሄዱ መስሏቸው አዝነውላቸው ነበር። ሰው ዓይኑ ሲደክም ፊደሉ ይደበዝዝበታልና ያውቀዋል፤ የሄደ ድምፅ ግን ባዶ ወንበር እንኳ ትቶ አይሄድም። ይህን እያሰቡ ሳለ ተራው የአናጢው ሆነ።

አናጢው እንደ ሌላው ቀን አልተጣደፈም። መጋዝ ማሽን ላይ የሚሠሩ ሰዎች ጆሯቸው ላይ የሚያደርጉትን ወፍራም የድምፅ መከላከያ ከከረጢት አውጥቶ አስቀመጠ።

«አንተ እኮ አለህ» አለው ሹፌሩ።

«ለኔ አይደለም። ለእሷ ነው።»

መከላከያውን ያነሣው ሰው የለም።

«ሬዲዮውን ስከፍትላት ቀንስልኝ ትላለች። ስቀንስላት ራሴን አመመኝ፣ ዝጋው ትላለች። መጀመሪያ እንዲያው ሰልችቷት መስሎኝ ነበር። እሷ እኮ ሬዲዮ የማይሰለቻት ሰው ናት!» መከላከያውን በጣቱ ገፋ አደረገ። «ሕመሙ ወደ ጭንቅላቷ ወጥቶ ነው። ሌላ ምን ይሆናል? የኔም መጋዝ እንዳይረብሻት ብዬ ነው ይሄን የገዛሁት።»

አስተማሪዋ እጁን ያዝ አደረገችው። አናጢው ግን ወደ ጋሼ ጆሮ ዞረ።

«ስፒከሮቹን እርስዎ ይውሰዷቸው፣ ጋሼ። በእርስዎ ጆሮ ነው የተስተካከሉት፣ ለእርስዎ ነው የሚገቡት። እዚያ ቆመው ሳያቸው አንጀቴን ይበሉታል።»

ጋሼ ጆሮ ያንን ደቂቃ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አይረሱትም። ነገሩ ወለል ብሎ ታያቸው፦ የወጣችው ሬዚስተር፣ የሹፌሩ የተጨማደደ ፊት፣ አልጋዋ ላይ ተኝታ ቀኑን ሙሉ ድምፁ ጆሮዋን እንደ መርፌ የሚወጋት ሴት። ያወቁት ደግሞ እሳቸው ብቻ ናቸው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ስፒከሮቹን ቢሸከሙ ድምፁ ከዚያ ቤት ይወጣል፣ ሴትዮዋም ታርፋለች፣ የሳቸውም ወንበር ሳይነቃነቅ ይኖራል። እንዴት ያለ ምቹ ነገር ነው! ይህን ሲያስቡ ራሳቸውን ጠሉት። ስፒከሮቹ ቢሄዱም እኮ ይህ ሰው ሚስቱ እየከፋባት ነው ብሎ እያለቀሰ ሊኖር ነው።

«አልወስዳቸውም» አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ ግድ የለም...»

«ዝም በል፣ ልናገርበት። ቅድም እጄን ያወረድኩት እናንተን እያየሁ ነው። እኔ ገና ፉጨቱ ላይ ነው የቆመብኝ። ቀጭን ድምፅ አልሰማም።» በርጩማቸውን ገፍተው ተነሡ። «ያቺን ሬዚስተር ያስወጣሁህ ስፒከርህ ታፍኖ አይደለም። የታፈንኩት እኔ ነኝ። ሚስትህን ያሳመማት የኔ ፍርድ ነው።»

ሹፌሩ አዲሱን መሰርሰሪያ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠ።

«ያን ዕለት እኔንም ወግቶኝ ነበር» አለች አስተማሪዋ ቀስ ብላ። «እሳቸው ጥሩ ነው ካሉ የኔ ጆሮ ነው የተበላሸው ብዬ ዝም አልኩ።»

«እኔም» አለ ሹፌሩ።

ጋሼ ጆሮ ቀና ብለው ማየት አቃታቸው። የሚመጣውን ስድብ ይጠብቁ ጀመር፤ ቢሰደቡም ይገባቸዋል። አናጢው ግን ዓይኑ መከላከያው ላይ ነው።

«እንግዲያው» አለ በመጨረሻ፣ «እንግዲያው እሷ አልባሰባትም ማለት ነው?»

መልስ አልጠበቀም። ሽቦ የሚያያይዝበትን የእርሳስ መበየጃ ከግድግዳው ነጥቆ፣ መሳቢያውን ገልብጦ፣ ከብሎኑና ከሚስማሩ መሐል ያቺን ሬዚስተር ፈልጎ አገኘና ግቢውን አቋርጦ ወደ ቤቱ ሮጠ። ሦስቱ ተከተሉት። ጋሼ ጆሮ ከሁሉም ኋላ ነበሩ።

ሴትዮዋ ከአልጋዋ ላይ ሆና ሰልፉን አየችው።

«ምነው፣ ሞትኩ እንዴ?» አለች።

አናጢው ያንዱን ስፒከር ጀርባ እየፈታ፣ እየተርበተበተ፣ ነገሩን ነገራት። እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ድምፃቸው መጥፎ መሆኑን አውቄ ነበር» አለች። «ዓመት ሙሉ ጣትህን እየቆራረጥክ ሠርተሃቸው፣ መጥፎ ናቸው ልበልህ? ራሴን አመመኝ ማለት ይቀለኛል።»

አናጢው እዚያው ስፒከሩ ጀርባ ተንበርክኮ ቀረ። መበየጃውን አስተማሪዋ ወሰደችለትና በፊት በነበረችበት ቦታ ሬዚስተሯን በየደችለት። ለሌላኛው ስፒከር የምትሆነውን ደግሞ ሹፌሩ ከወርክሾፑ ሮጦ አመጣ። ሬዲዮውን ከፈቱት። አንድ ሰው ስለ ንብ እርባታ ያወራል።

እንደ ልማዳቸው ሦስቱም ወደ ጋሼ ጆሮ ዞሩ። እሳቸው በሩ ላይ ነው የቆሙት፤ የሚሰሙት ታፍኖ የሚያወራ ሰው ነው፣ ልክ እንደዚያን ዕለት። ገብተው አልጋው አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«እኔን አትጠይቁኝ» አሉ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዘንበል አሉና፣ «አንቺ ንገሪን፣ እህቴ። እንዴት ነው?»

ሴትዮዋ ስለ ንቦቹ ረጅም ጊዜ አዳመጠች።

«ትንሽ ጨምርልኝ» አለች ባሏን።