ትኬቱ ላይ የነበሩት ሁለት ሰዓቶች

የልጄን ትኬት ያነበብኩት ራሴ ነኝ። የጎልማሶች ትምህርት ከገባሁ ዘጠኝ ወሬ ነው፤ ማንበቡን ተወጥቼው ሒሳብ ላይ ማካፈል ደርሻለሁ። መነሻ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ መድረሻ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። በጣቴ ቆጠርኩ፤ አምስት ሰዓት።

"አምስት?" አለች ሆቴል ውስጥ ልብስ መተኮሻ ክፍል አብራኝ የምትሠራው፣ አፏ ስለማያርፍ ሬዲዮ የምንላት። "እኔ እህቴ ጋ በአውቶቡስ ስሄድ እኮ አምስት ሰዓት ይፈጅብኛል! ልጅሽ ባሕር ማዶ ነው የምትሄደው ወይስ እህቴ ጋ?"

"አውሮፕላን ነዋ፣ አንቺ! ደግሞ አንብቤዋለሁ" አልኳት ኮራ ብዬ።

በነጋታው ልጄን ሸኝቼ ሥራ ገባሁ። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ካውያውን አስቀምጬ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ሰባት ሰዓት፤ ዝግ። ስምንት ሰዓት ላይ የሆቴሉን አንሶላ አቃጠልኩት። ሬዲዮ እንኳ ጸጥ አለች፤ ይበልጥ ያስፈራኝ እሱ ነው።

ከሥራ እንደወጣሁ ትምህርት ቤት በሩጫ ደረስኩ። መምህሬ ልጄን የምታክል ወጣት ናት።

"እናቴ፣ ምን ሆነዋል?"

ትኬቱን ዘረጋሁላት። "ስድስት ሰዓት መድረስ ነበረባት። ይኸው አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ፤ ድምፅዋ የለም።"

ትኬቱን አየች፤ ስልኳን ነካክታ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ ዘጠኝ ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር። "አውሮፕላኑ በሰዓት ስምንት መቶ ሠላሳ ይሄዳል እንበል። ይምጡ፣ ራስዎ ያካፍሉት።"

ጠመኔውን ተቀበልኳት። አንዴ ደረሰ። ቀሪውን አወረድኩ፤ እንደገና አንዴ ደረሰ። አሥራ አንድ!

"ታዲያ ትኬቱ ዋሸኝ?"

"አልዋሸም። መነሻው በእኛ ሰዓት ነው፣ መድረሻው በእነሱ። እዚያ እኩለ ቀን ሲሆን እዚህ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ልጅዎ ገና አየር ላይ ናት።"

ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ። እኔ ካውያ ስገፋ ልጄ ፀሐይን ስትከተል ነው የዋለችው! በእግሬ በቀን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ብሄድስ ብዬ ደብተሬ ላይ አካፈልኩ፤ ከሦስት መቶ ቀን በላይ ወጣ። ያንን ሁሉ ምድር ልጄ ተቀምጣ አለፈችው። ሒሳቡን ሦስቴ ሠራሁት፤ ያው ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ ስልኬ ጮኸ።

"እማዬ! ደረስኩ። እዚህ ፀሐዩ አናት ይበሳል።"

እንባዬን እየጠረግሁ በመስኮቱ አየሁ። ፀሐይዋ ቀልታ፣ ማዶ ካለው ጋራዥ ጣሪያ ጀርባ ግማሿ ገብቷል።

"ያቺው ናት?" አልኳት።

"ማን?"

"ፀሐይዋ።"

"እማዬ ደግሞ! ስንት ፀሐይ አለ?" ብላ ሳቀች።

ቤት ገብቼ እራት የማቀርብበት ሰዓት ደርሶ ሳለ፣ "በይ ምሳሽ እንዳያልፍሽ" አልኳት።