ስድሳ ዓመት የዘገየው ቀብር

ከንቲባው በመታሰቢያው ሰልፍ ላይ እንደማይገኝ የነገረን ዌንደል ቤትስ ነው። ዌንደል የከተማው ምክር ቤት አባል ነው፤ በእኛው ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ፣ በእኛው መዘምራን መካከል ድምፁ የጎረነነ የእኛው ልጅ። ረቡዕ አመሻሽ ላይ ከጸሎት ወጥተን በታችኛው አዳራሽ እራት ላይ ሳለን መጣና በሩ አጠገብ ቆመ። ወንበር ቢስቡለትም አልተቀመጠም።

«ከንቲባው አይመጣም» አለ። «ምክትሉም አይመጣም። ከዋና ከተማው ከሞንትጎመሪ ይመጣሉ የተባሉት እንደራሴም ቀርተዋል።»

«አንተስ?» አሉት እማማ ሉቪኒያ ታርቨር፣ ከያዙት የዶሮ ብልት ላይ ቀና ሳይሉ።

«እኔማ እማማ... ዘንድሮ ነገሩ ከብዷል። ምርጫውም ደርሷል። ሰዉ ያለፈ ቁስል መነካካት ሰለቸን እያለ ነው።»

«ቁስሉ ማን ላይ ሆኖ ነው ማንን የሰለቸው?»

አዳራሹ ሳቀ። ዌንደል ግን የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ የቀረውን ተናገረ። ድልድዩ ለሰልፍ የሚዘጋው ሰልፉ የከተማው ሲሆን ብቻ ነው። ባለሥልጣናቱ ካልተገኙ ደግሞ የከተማው አይባልም። ስለዚህ ፖሊስ መኪና አያስቆምም፤ ተሰልፎ ድልድዩ ላይ የሚወጣም በሕግ ይጠየቃል።

«ግን ሜዳ ላይ አልተዋችሁም» አለ ቶሎ ብሎ። «ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለውን መናፈሻ ፈቅደውላችኋል። ወንበር አለው፣ ጥላ አለው፣ ለአሮጊቶችም ይመቻል።»

«አሮጊቷ ማን ናት?» አሉ እማማ ሉቪኒያ። አሁንም ሳቅ ሆነ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ጣታቸውን በጨርቅ ጠረጉና «ወንድሜ መናፈሻ ውስጥ አልሞተም» አሉ።

ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ዌንደልም ደህና እደሩ ብሎ ወጣ።

ክሊዮፈስ ታርቨር የእማማ ሉቪኒያ ታናሽ ወንድም ነበር። ቴልፎርድ የተወለድን ሁሉ ታሪኩን እንደ አባታችን ሆይ በቃላችን እናውቀዋለን። በአሥራ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አምስት ጥቁሩ ሕዝብ ለመራጭነት ሊመዘገብ ወደ ፍርድ ቤቱ ሲሄድ፣ የሸሪፉ ፖሊሶች ድልድዩ ላይ በዱላ ተቀበሉት። ክሊዮፈስ ጭንቅላቱን ተመትቶ ወደቀ፤ ጥቂት ቀን ሰንብቶም አረፈ። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

መቃብራችን ከወንዙ ማዶ፣ ከድሮው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ሸሪፉ ግን ይህ ሬሳ በድልድዩ አያልፍም አለ። ለምን እንዳለ ሁሉም ገብቶታል። በእኛ አገር ቀብር ሲያልፍ መኪና ይቆማል። ጥቁር ይሁን ነጭ፣ የቸኮለ ይሁን ያልቸኮለ፣ መብራቱን አብርቶ የሚመጣ የአስከሬን መኪና ካየ ዳር ይይዛል፤ ወንድ ከሆነ ወርዶ ኮፍያውን ያወልቃል። ይህን ያስተማረን የለም፣ ከእናት ጡት ጋር የጠባነው ነው። ክሊዮፈስ በድልድዩ ቢያልፍ እነዚያ የደበደቡት ሰዎች ኮፍያቸውን ሊያወልቁለት ነው። ሸሪፉ የፈራው ይህን ነበር።

ስለዚህ በታችኛው መንገድ ወስደው፣ በጥጥ መጫኛ ጀልባ ላይ ሸራ አልብሰው፣ እንደ ተሰረቀ ዕቃ አሻገሩት። ብቻውን እንዳይሆን ብላ እህቱ ሉቪኒያ ከሸራው ሥር አጠገቡ ተኝታ ሄደች። በመቃብሩ ላይም ድንጋይ አልቆመም፤ በዚያ ዘመን ቢቆም አድሮ አይገኝም ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ ኑሮ አለ፣ ድህነት አለ፣ ነገ ዛሬ ሲባል ዕድሜ ሄደ። ዘንድሮ ሕዝቡ ተባብሮ ስሙ የተቀረጸበት ጥሩ ድንጋይ አስጠረበለት። እማማ ሉቪኒያ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ያንን ድንጋይ አስከትለው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በድልድዩ ላይ መሻገር። ልባቸው ደክሟል። የሚመጣውን ዓመት ለእግዜር ትቼዋለሁ ይሉ ነበር።

ዌንደል እንደወጣ አዳራሹ ተንጫጫ። አንዱ ጠበቃ እንያዝ ይላል፤ ሌላው እንውጣና ይሰሩን ይላል። በጸሎት ቀን ምእመኑን ተቀብለው የሚያስቀምጡት የአስተናጋጆቹ አለቃ «እኔ ነጭ ጓንቴን አድርጌ ነው የምታሰረው» ብላ ጠረጴዛውን መታች። እማማ ሉቪኒያ ብቻ ጋሽ ሆዚያ ግሪግስን ያዩ ነበር። ጋሽ ሆዚያ የቀብር አገልግሎት ቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ሥራውን ከአባታቸው ነው የወረሱት። ያን ሰዓት የስኳር ድንች ኬካቸውን በሰላም እየበሉ ነበር።

«ሆዚያ» አሉ። «የሞተ ሰው በድልድዩ ስታሻግር ማንን ታስፈቅዳለህ?»

«እግዜር ከፈቀደ በኋላ ማን ቀርቶ?» አሉ ጋሽ ሆዚያ። «ለፖሊስ ልመጣ ነው ብዬ እደውላለሁ፣ አንድ መኪና ከፊቴ ይልካሉ። በቃ።»

«ክሊዮፈስን አሻግረኸዋል?»

ጋሽ ሆዚያ ሹካቸውን አስቀመጡ። «አባቴ ሊያሻግረው መኪናውን ወልውሎ ነበር» አሉ በዝግታ። «ከለከሉት። እስኪሞት ድረስ ነገሩ አንጀቱን ሲያቃጥለው ኖረ።»

«እንግዲያው ወንድሜ ገና አልተቀበረልኝም። ደበቅነው እንጂ አልቀበርነውም።»

ጋሽ ሆዚያ ነገሩ የገባቸው ከሁላችንም ቀድመው ነው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይሆንም ሉቪኒያ። ባዶ የአስከሬን መኪና አልነዳም። በሞት የምቀልድ ሰው አይደለሁም።»

«ባዶ ማን አለህ? ድንጋዩን በሳጥኑ ቦታ ታስተኛዋለህ። ስሙ አለበት፣ የተወለደበት ቀን አለበት፣ የሞተበት ቀን አለበት። ከዚህ በላይ የቀረለት ነገር የለም።»

ፓስተር ሳይክስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ነገር ይፈራሉ። «እማማ፣ ማታለል እንዳይሆንብን ነው የምፈራው» አሉ።

«የሚዋሽ ሰው አለ እንዴ ፓስተር? የሚጠይቅ ከመጣ ያለውን እንነግረዋለን። አትለፉ ካለን እንመለሳለን።»

ፓስተሩ አቀረቀሩ። እኔም በልቤ ጸሎት እያደረስኩ አያቸው ነበር። በመጨረሻ ቀና ብለው «እውነቱን ብቻ የምንናገር ከሆነ፣ መጽሐፍ ቅዱሴን ይዤ ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ» አሉ። ጋሽ ሆዚያም ኬካቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው መኪናውን ሊያጥቡ ሄዱ።

እኔ የቤተ ክርስቲያኑን አውቶቡስ የምነዳ ሰው ነኝ፤ ከመናገር መስማት ይቀናኛል። እማማን ወደ ቤታቸው ሳደርሳቸው ግን አልቻልኩም፤ «ልብዎ ይችለዋል?» አልኳቸው።

«አይችለውም ብልህስ ልጄ፣ የምታውሰኝ ልብ አለህ?» አሉኝ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ወጣን። ጥቁሩ መኪና መብራቱን አብርቶ ከፊት ይሳባል፤ በመስኮቱ በኩል በነጭ አበባ መካከል የተኛው ድንጋይ ይታያል። እማማ ሉቪኒያ ከጋሽ ሆዚያ ጎን ተቀምጠዋል። ፓስተሩ ከመኪናው ፊት በእግራቸው ይሄዳሉ። ከኋላ ነጭ ለባሾቹ አስተናጋጆች፣ ከነሱ ኋላ ከየቤተ ክርስቲያኑ የመጣው ሕዝብ፣ የሚያራግበው እያራገበ ይከተላል። የእኔ ሥራ ከእማማ በር ሳልርቅ መሄድ ነበር። መፈክር የለም፣ የሚጮህም የለም። የሚሰማው የእግር ድምፅ ብቻ ነው።

ከድልድዩ ሥር አንድ ወጣት ነጭ ፖሊስ መኪናውን አቁሞ ጠበቀን። ሕዝቡን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ ጋሽ ሆዚያ መስኮት ቀረበ።

«ሚስተር ግሪግስ፣ ቀብር ነው ብለው አልነበረም እንዴ የደወሉት? ይሄ ሰልፉ አይደለም?»

«ቀብር ነው ልጄ።»

«የማን?»

«የክሊዮፈስ ታርቨር።»

ቴልፎርድ ተወልዶ ያንን ስም የማያውቅ ነጭም የለም፤ አለማወቅ የሚሻለው ብዙ ነው እንጂ። «እሱ እኮ የሞተው...» ብሎ ተወው።

«ስድሳ ዓመት ሆኖታል» አሉ እማማ ሉቪኒያ ከወዲያ በኩል አጎንብሰው። «እህቱ ነኝ። ያኔ መንገድ ስለከለከሉን ነው የዘገየነው። ሳጥንም ሰውም የለም፣ ከኋላ ያለው የመቃብሩ ድንጋይ ነው። አትለፉ ካልከን እንመለሳለን።»

ልጁ መኪናውን ዞሮ ሄደ። በመስታወቱ ወደ ውስጥ አየ። ስሙን ሲያነብ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። እኔ ከመዝሙረ ዳዊት የማውቀውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አልኩት መሰለኝ። ልጁ ተመልሶ መጣ፣ ኮፍያውን አወለቀ።

«እግዜር ያጽናዎት» አላቸው። ከዚያ ወደ መኪናው ሄዶ ሰማያዊውን መብራት አበራና ከፊታችን ገብቶ ድልድዩ ላይ ወጣ።

ከኋላዬ «እሰይ ጌታዬ!» የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው «ዝም በይ፣ ቀብር ላይ ነሽ» የሚል ሌላ ድምፅ ተከተለው።

መኪናው ሁሉ ዳር ያዘ። ግንድ የጫነ ትልቅ መኪና ተንፍሶ ቆመ፤ ሾፌሩ ወርዶ ኮፍያውን ደረቱ ላይ አደረገ። ዓሣ ሊያጠምዱ የሚሄዱ ሁለት ሽማግሌዎች ከመኪናቸው ወረዱ። የማን ቀብር እንደሆነ አያውቁም፤ ቀብር መሆኑ በቃቸው። ጡሩምባ የነፋ አንድ ሰው የለም።

የድልድዩ ጉብታ ላይ ስንደርስ ከወዲያ በኩል የመጣ አንድ ነጭ መኪና ቆሟል። አጠገቡ ከንቲባ ራንዳል ኮከር ቆሟል፤ ከጎኑ ደግሞ ዌንደል ቤትስ። ማዶ አዲስ ነዳጅ ማደያ መርቀው መመለሳቸው ነበር። ከንቲባው ኮፍያውን በእጁ ይዟል፤ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቷል። የማን ቀብር እንደሆነ ያወቀው ከቆመ በኋላ ነው። ታዲያ ምን ይሁን? ቀብር ጥሶ የሄደ ከንቲባ በዚህ አገር የባዘነ ውሻ የሚይዝ ሹም እንኳ ሆኖ አይመረጥም፤ ደግሞም እናቱ በሥርዓት ያሳደገችው ሰው ነው።

«አቁም ሆዚያ» አሉ እማማ ሉቪኒያ። «እወርዳለሁ።»

«ፀሐዩ ከባድ ነው ሉቪኒያ።»

«ያኔ በጀርባዬ ተኝቼ ነው የተሻገርኩት። ዛሬ በእግሬ ነው።»

በሩን ከፈትኩላቸው። ክንዴን ይዘው ወረዱ፤ ባርኔጣቸውን አቃኑ። ወንድማቸው የወደቀው ከዚያች ቦታ ላይ ነበር። ወደ ታች ግን አላዩም፤ ቀጥ ብለው ወደ ከንቲባው ሄዱ።

«ራንዳል» አሉት።

«አቤት እማማ።»

«ቀብራችን ላይ ስለተገኘህ እግዜር ይስጥልኝ። አትመጣም ብለውኝ ነበር።»

ከኋላ ሆነው ሳቃቸውን መዋጥ ያቃታቸው ነበሩ። ከንቲባው አንገቱን ደፋ። እማማ ወደ ዌንደል ዞሩ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«እማማ፣ ልከተል?» አለ እንደ ልጅ።

«የቤተ ክርስቲያን ልጅ አይደለህ? አርፍዶ የመጣ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ከኋላ።»

«እንግዲያው ከኋላ።»

ዌንደል ያንን ሁሉ ሕዝብ በጎን አልፎ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ገባ። ሲያልፍ አንዷ አስተናጋጅ ማራገቢያዋን ሰጠችው፤ እያራገበ ሄደ።

እማማ ሉቪኒያ ዳግመኛ መኪና ውስጥ አልገቡም። የቀረውን ድልድይ ክንዴን ይዘው ተሻገሩት። አንድ ሁለቴ ቆም ብለው ተነፈሱ፤ ሲቆሙ መኪናውም ይቆማል፣ ፓስተሩም ይቆማሉ፣ ዳር የያዘውም ሁሉ ይጠብቃል። ድልድዩ እንደዚያ ቀን በአንድ ሰው እግር ልክ ሲሄድ አይቼ አላውቅም።

ከመቃብሩ ግቢ ጎረምሶቹ ድንጋዩን አውርደው ከተዘጋጀለት ቦታ አቆሙት፤ ፓስተሩም ለወጣት ሰው የሚባለውን ጸሎት አደረሱ። ከስድሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ለአንድም ሰው እንግዳ አልሆነም። ጸሎቱ ሲያበቃ እማማ ሉቪኒያ ቀረቡና ስሙን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው በጣታቸው ሄዱበት።

«ክሊ፣ በትልቁ መንገድ መጣን» አሉት።

ያለቅሳሉ ብዬ መሐረቤን አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ቀና ብለው ሕዝቡን አዩት። ሁላችንም እጃችንን አጣምረን፣ አንገታችንን ደፍተን ቆመናል።

«ምን ሆናችኋል?» አሉ። «ዘምሩ እንጂ! ቀብር ነው ብላችሁ ነው?»