ስምንት መኪና

የሺአረግ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የጠዋት ፈረቃ ስትወጣ ድሬዳዋ በቀትር እንቅልፍ ላይ ናት። በዚያ ሙቀት ማን ይነቃል? እሷ የምትይዛቸው ስድስት የሽመና መኪኖች ግን እንቅልፍ አያውቁም። ጆሮዋ ውስጥ እየተንኳኩ የደረቀውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ አብረዋት ይሻገራሉ፣ ቤቷ ይገባሉ፣ አልጋዋ ላይ ይወጣሉ። ዓይኗን ስትከድን ከጣሪያው ነጭ ክር ይወርዳል፤ ቀስ እያለ፣ ሳያልቅ። እውነት ለመናገር መጀመሪያ ላይ ደስ ይላት ነበር። ክሩ ሲበጠስ ግን ጣቶቿ በእንቅልፍ ልቧ ይቋጥራሉ።

አንድ ቀን በልጇ በዘነበች ለቅሶ ባነነች። አጠገቧ የተኛችውን ልጅ ፀጉር ከነጠላዋ ጫፍ ጋር በሸማኔ ቋጠሮ አንድ በአንድ ቋጥራዋለች። የገላገላቸው መቀስ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ እማዬ ጋ አልተኛም ብላ ጎረቤት ታድራለች። ለእናት ከዚህ የባሰ ምን አለ?

ለማንስ ይነገራል? ጊዜው የምርት ዘመቻ ነው። ጨጓራዬን ያለ ክሊኒክ ይላካል፤ ጭንቅላቴ አላርፍ አለኝ ያለ አሻጥረኛ ይባላል። ባሏ እንደሆነ ሁርሶ ጦር ማሠልጠኛ ሠልጥኖ ከዘመተ ዓመት አልፎታል። ሆድ ይፍጀው አለች።

ሐሙስ ከሥራ በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ካድሬው አዲስ መመሪያ ይዞ መጥቷል፤ ስድስት መኪና የያዘች ስምንት ትይዛለች፣ እያንዳንዷም ተነስታ ቃል ትገባለች። መጀመሪያ የተጠራችው ኮከብ ሠራተኛዋ የሺአረግ ናት።

ተነሳች። አዳራሹ ራቀባት። ያ ነጭ ክር በእሷና በካድሬው መሐል መውረድ ጀመረ። ተናገረች፤ የሆዷን ሁሉ ዘረገፈችው። ድምፅ ግን አልወጣትም። የሽመና ክፍል ሰው በዚያ ሁሉ የመኪና ጩኸት መሐል የሚነጋገረው በከንፈር ነው፤ እሷም መኪኖቿ ፊት የቆመች መስሏት ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቀሰች።

ካድሬው ጆሮውን ቢያዘነብል ምንም የለም።

«ጓዲት ደስታው ቃል አሳጥቷታል» አለ። «ተስማምታለች፤ ጸሐፊው ይጻፍ።»

የቢሮ ሰዎች አጨበጨቡ። ከሽመና ክፍል ግን አንድም ሰው አላጨበጨበም። የክፍሉ ስልሳ ሴቶች ያለችውን ሁሉ ከከንፈሯ አንብበዋል።

ከየሺአረግ አጠገብ ያሉትን መኪኖች የምትይዘው ፋዱማ ተነሳች። ፋዱማ የሰው ፊት አትፈራም።

«ወላሂ እንደሱ አላለችም። አልችልም ነው ያለችው። ልጄ ፈራችኝ፣ አእምሮዬን ልስት ነው፣ ነው ያለችው።»

«አንቺ በምን ሰማሽ?» አለ ካድሬው።

«አቦ፣ ሁላችንም ሰምተናል። እኔም ከረመዳን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ጻፈኝ።»

ከኋላ ሰርካዲስ ተነሳች። «እኔም አልችልም፤ ጻፈኝ።» ቀጥሎ ሌላዋ፣ ቀጥሎ ሌላዋ። ጸሐፊው ካድሬውን አየ፤ ካድሬውም ጸሐፊውን።

የሺአረግ ቁጭ አለች፤ ፋዱማም አጠገቧ ተቀመጠች። ከዚያ እዚያው፣ በዚያ ሁሉ ግርግር መሐል፣ ራሷን ፋዱማ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወሰዳት። ካድሬው ስሟን ሁለት ጊዜ ጠራ። የቀሰቀሳት ሰው የለም።