የካሊድ ውሃ

ቦሌ አራብሳ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ እሱም ደስ ሲለው። ስለዚህ ከብሎኩ ጀርባ ያለችውን ቧንቧ ሰፈሩ እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚያያት። ያስተከሏት ጨርቅ ነጋዴዋ እትዬ ኑራ ናቸው። አምና አንድያ ልጃቸው ካሊድ በመኪና አደጋ ሲሞትባቸው፣ ሰው በጠጣ ቁጥር ምንዳው ለልጄ ይድረስ ብለው የውሃ ጉድጓድ አስቆፈሩ። ሙስሊሙ «አላህ ይዘንለት»፣ ክርስቲያኑ «ነፍስ ይማር» እያለ ጀሪካኑን ሞልቶ ይሄዳል።

ሀይሚ የካሊድ የክፍል ጓደኛ ነበረች። አስራ አንደኛ ክፍል ሳሉ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጡ ነበር። እሱ ፊዚክስ ያስረዳታል፤ እሷ ዶሮ የጫረው የሚመስለውን የባዮሎጂ ደብተሩን በደህና የእጅ ጽሑፍ ትገለብጥለታለች። ዘንድሮ እሷ አስራ ሁለተኛ ገባች፤ እሱ እዚያው ቀረ።

መምህር ገሰሰ የአካባቢ ሳይንስ ፕሮጀክት ሲሰጡ ለእያንዳንዱ ተማሪ ትንንሽ ጠርሙሶች አደሉ። «የምትጠጡትን ውሃ ከየቦታው ቅዱና ሙቀት ያለው ቦታ ሁለት ቀን አቆዩት። ውስጡ ያለው ወረቀት ከጠቆረ፣ ውሃው ዓይነ ምድር ነክቶታል ብላችሁ ጠርጥሩ» አሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የሀይሚ ሰባተኛ ጠርሙስ ግን እያደር ጠቆረ። በራሷ እጅ የጻፈችበት ስም «የካሊድ» ይላል።

ተሳስቼ ነው ብላ እጇን በሳሙና ታጥባ ደግማ ቀዳች። ጠቆረ። ሦስተኛውም ያው። ከዚያ ወዲያ ነው ከግንቡ ማዶ ያለው የኮንዶሚኒየሙ የፍሳሽ ጉድጓድ ትዝ ያላት። ሄዳ ብትለካው ከቧንቧዋ አስራ አንድ እርምጃ ነው። ቆፋሪው ይህን ሳያይ ቀረ ማለት ነው፤ ክፍያውን ግን አጥርቶ ነው ያየው።

እናቷ አልማዝ ስትሰማ ደረቷን ደቃች።

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ! እኛ አፍልተን እንጠጣለን። ያቺ ምስኪን ሐዘኗ ሳይወጣላት፣ የልጅሽ ውሃ የሽንት ቤት ነው ብለሽ ልትገድያት ነው?»

ሀይሚም መግደል አልፈለገችም። ዝም አለች። ዝምታው ደግነት ነው ብላ ራሷን አሳመነች፤ ግን ጠዋት ጠዋት ከመስኮቷ ሆና የተሰለፈውን ጀሪካን ባየች ቁጥር ቁርሷን ትታ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው።

በመጨረሻ መምህር ገሰሰን ጠየቀች። «ቲቸር፣ ሰባተኛውን ሪፖርቱ ላይ ባላስገባውስ?»

«ለማርክ ከሆነ የቀሩት ይበቁሻል» አሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ። «ግን ሰው እየጠጣው ነው። ለክፍሉ ከማንበብሽ በፊት ለቧንቧዋ ባለቤት ንገሪ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱን ጠርሙሶች በፌስታል ይዛ እትዬ ኑራ ሱቅ ሄደች።

«ነይ፣ የልጄ ጓደኛ!» ብለው ወንበር ሳቡላት። አልተቀመጠችም። ጠርሙሶቹን ባንኮኒው ላይ ደርድራ፣ ዓይኗን ከጨርቁ ጣቃ ሳታነሳ ሁሉንም ተናገረች።

እትዬ ኑራ አንዱን ጠርሙስ አንስተው ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። ሀይሚ ለለቅሶ ተዘጋጅታ ነበር፤ ለስድብም ጭምር።

«መጀመሪያ የጠቆረው መቼ ነው?» አሉ።

«አስር ቀን ሆነው።»

«አስር ቀን?» ጠርሙሱን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «አስር ቀን ሙሉ እያወቅሽ በልጄ ስም ሰው አስጠጣሽብኝ?»

ሀይሚ «እርስዎ እንዳያዝኑ ብዬ ነው» ብትል ለራሷም አሳፈራት።

እትዬ ኑራ ሱቁን ዘግተው ወጡ፤ ሀይሚም ተከተለቻቸው። ቧንቧዋ ዘንድ ሲደርሱ ሰልፉ ረዝሟል። ተረኛው ሰውዬ ጀሪካኑን እየሞላ ሳለ እጃቸውን ሰደው ቧንቧውን ዘጉት።

«ምነው እትዬ ኑራ?»

«ውሃው ተበክሏል። የቀዳችሁትን ድፉት፤ ልጆቻችሁንም አሳክሙ» አሉ። «ስከፍተው ለካሊድ ብዬ ነው። ስዘጋውም ለእሱ ብዬ ነው።»

አንዳንዱ ደፋ፤ አንዳንዱ ጀሪካኑን አቅፎ ቆመ። በየተራ ለሚመጣው ሁሉ እሳቸው እየደጋገሙ ተናገሩ።

አምስተኛዋ ትብለጽ ነበረች፤ አራተኛ ፎቅ የምትኖር። ልጇን አዝላለች። ልጁ ባለፈው ሐሙስ በተቅማጥ ሆስፒታል ገብቶ ትናንት ነው የወጣው፤ አንገቱ ገና አልጸና ብሎ ትከሻዋ ላይ ተደፍቷል። እትዬ ኑራ እሱን ሲያዩ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ወደ ግንቡ ዞሩ።

ትብለጽ ግራ ገብቷት አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ሀይሚን አየች። «ምንድን ነው እሱ? ንገሪኝ እንጂ።»

ሀይሚ ነገረቻት። አስሩን ቀንም አልደበቀችም።